ጨው ቀማሽ ጎረቤት



ሰው ስለ ምግብ አብዝቶ ሲያወራ «ሆዳም» እንዳይባል ይፈራል። እኛም በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት መብት፣ ስለ ወጣቶች ትምህርት ደጋግመን ስንጽፍ የማጀቱን በር ሳናንኳኳ ብዙ ቆይተናል። ዛሬ ግን እናንኳኳለን። የምናንኳኳውም የእናታችንን ማጀት ነው። እናታችን ስሟ ከሰፈሯ ያላለፈ፣ በመጽሐፍም በሬዲዮም ያልተነገረላት የቤት እመቤት ናት። ምግብ ማብሰልን ግን ከልጅነት እስከ እርጅና ወድዳ ሠርታዋለች። ይህን የምንጽፈው እናታችንን ለማወደስ ብቻ አይደለም፤ ከድስቷ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ ለቤተሰቦችና ለወጣቶች የሚበጅ አንድ ነገር ስላለ ነው።

እናታችን የተወለደችው ሞጣ ሲሆን፣ የተዳረችውና እኛን ወልዳ ያሳደገችው ቢቸና ነው። ሁለቱም ከደጀን ተነሥቶ ባሕር ዳር በሚደርሰው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ደገኛ የገበያ ከተሞች ናቸው። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ነው። በሁለቱም ከተሞች ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂቶች ቢሆኑም ኑሯቸው ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር አጥር ለአጥር ተያይዞ የቆየ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁን ነገር ለመረዳት ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቢቸና ሰው ስለ ምግብ ሲያወራ ከጤፍ ይጀምራል። የአካባቢው ጥቁር የመረሬ አፈር በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው፤ ነጭ ጤፍ ግን ያበቅላል። ጤፍ ከእህል ሁሉ ትንሿ ናት፤ አንድ ግራም ለመሙላት ወደ 3000 የሚጠጉ ፍሬዎች ያስፈልጋሉ ይባላል። እናታችን ይህን ቁጥር አታውቀውም። ገበያ ስትወርድ ግን አንድ እፍኝ ትዘግናለች፤ እፍ ትላለች፤ ጥቂቱን በጥርሷ ሰብራ አሸዋ ያለበትንና የሌለበትን ትለያለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዘር ወደ አካባቢያችን ሲዛመት ሁሉም የሚያወራው ስለ ምርቱ ብዛት ነበር። እርሷ ግን፣ «እስቲ መጀመሪያ ምጣድ ይየው» አለች። ጋግራ ዓይኑንና ልስላሴውን ካየች በኋላ ነው «ደግ ነው» ያለችው።

እንጀራዋንም እንዲሁ በጥድፊያ አትሠራም። ሊጡን በእርሾ አቡክታ ሁለት ሦስት ቀን ታስቀምጠዋለች፤ በብርድ ወራት አንድ ቀን ትጨምርለታለች። ከላይ የጠለለውን ውኃ ትደፋና ከሊጡ ጥቂት ቀንሳ በፈላ ውኃ አብሲት ትጥላለች። አብሲቱ በርዶ ሲመለስበትና ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን በጎመን ዘር አሰሳ መጋገር ትጀምራለች። ሰዓት ተመልክታ አታውቅም። የሊጡን ሽታ ታሸታለች፤ ጆሮዋን አስጠግታ የአረፋውን ድምፅ ታዳምጣለች። እኛ ልጆች «እማዬ፣ ሊጥ ምን ያወራል?» ብለን ስንስቅባት፣ «ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ካገኘ ሁሉም ያወራል» ትለን ነበር።

ሽሮዋ ደግሞ የተለየ ታሪክ አለው። ሽምብራውን፣ አተሩንና ባቄላውን የምትቆላው ለየብቻ ነው። አንድ ላይ ከተቆሉ አንዱ ሲያርር ሌላው ጥሬ ይቀራልና። ጓያን ግን ወደ ሽሮዋ አታስጠጋም ነበር። ጓያ ውኃ በተኛበት መሬትም፣ ድርቅ ባለበት ዓመትም የሚበቅል ርካሽ እህል በመሆኑ በክፉ ቀን ድሀ ሕይወቱን የሚያተርፍበት ነው። ሆኖም ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ያሽመደምዳል። በድሮ ሰዎች ዘንድ የሚሰብረው የጓያው እንፋሎት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጥናት ያረጋገጠው ግን ጉዳቱ የሚመጣው በእህሉ ውስጥ ካለ ነርቭ የሚጎዳ ንጥረ ነገር መሆኑን ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ይህን መርዝ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ዋናው ጥንቃቄ አለማዘውተርና ከሌላ እህል ጋር እያፈራረቁ መብላት ነው። እናቶች ይህን ልብ ይበሉ፤ በተለይም ርካሽ ሽሮ ተፈጭቶ ሲገዛ ምን እንደተቀላቀለበት መጠየቅ ተገቢ ነው።

እናታችን በሄደችበት ሁሉ ከምግብ ጋር የተያያዘ ነገር ሳትጠይቅ አትመለስም። ለቅሶ ቤት ሄዳ የንፍሮውን አቀቃቀል አይታ ትመጣለች። ከሐጅ የተመለሱ ሰዎችን ልትዘይር ስትሄድ ዘምዘሙን ጠጥታ፣ ዱዓ አስደርጋ፣ ቀጥሎ የምትጠይቀው የመካ ሰዎች ሩዝ እንዴት እንደሚያበስሉ ነው። አባታችን፣ «ሴትዮ፣ ስለ ከዕባው አትጠይቂም?» ሲላት፣ «ስለ ከዕባው አንተ ትጠይቃለህ፤ ስለ ሩዙ ማን ይጠይቃል?» ትለዋለች።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በአገራችን ልማድ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሥጋ ለይቶ ይበላል። ይህ ጉርብትናን አላጠፋም፤ መላ ተበጅቶለታል። ክርስቲያኑ ሠርግ ሲደግስ በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ሙስሊሙ አርዶ፣ በራሱ ዕቃ ሠርቶ የሙስሊም እንግዶችን ያስተናግዳል፤ ለመጠጥም ብርዝ ይቀርባል። በሙስሊሙ ሠርግም እንዲሁ በተራው ይደረጋል። ሠርግ ግን በየቀኑ የለም። ጉርብትና ያለው በየቀኑ ነው። ታዲያ ምግብ ማብሰልን የምትወድ ሙስሊም እናት፣ ሥጋዋን የማይበላ ጎረቤት ሲኖራት ፍቅሯን በምን ትገልጻለች?

እናታችን መልሱን ያገኘችው በጎረቤቷ ጾም ውስጥ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ፤ ሁዳዴን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን ይጾማሉ፤ የነቢያትና ሌሎችም አጽዋማት አሉ። ሲደማመር የዓመቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ አዚፋና ተልባ ግን ይበላሉ፤ እነዚህን ደግሞ እኛም እንበላለን። እናታችን ቅቤ ያልነካው፣ ሥጋ ያልገባበት አንድ የሸክላ ድስት ለየች። ማማሰያውም ለብቻው ነበር። ያን ድስት እኛ ልጆች «ሁለተኛው ድስት» እንለው ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ ረስቶ በቅቤ በተነካ ማማሰያ ቢያማስልበት፣ እናታችን ወጡን ለእኛ አብልታ ለጎረቤት ሌላ አዲስ ሠራች። «ማንም አላየም እኮ» ስንላት የመለሰችልንን አንረሳውም፤ «ሰው የሰጠሽውን አምኖ ሲጎርስ አማናውን ነው የሚሰጥሽ» አለች።

በአጥር የምንዋሰናቸው፣ እኛ ልጆች «እትዬ» የምንላቸው ክርስቲያን እናት ነበሩ። እሳቸውም ምግብ ወዳድ ናቸው። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው «እቴ» ነው የሚባባሉት። ረመዷን ሲገባ እናታችን ለማፍጠሪያ የምትሠራውን ምስር ጨው መቅመስ አትፈልግም ነበር። ዑለማዎች፣ ጾመኛ ሴት ካስፈለጋት ወጥ በምላሷ ጫፍ ቀምሳ ሳትውጥ ብትተፋው ጾሟ እንደማይበላሽ እንደሚያስተምሩ ታውቃለች። ሆኖም «እኔ ራሴን አላምነውም፤ ወጥ ሲጣፍጥ ይውጠኛል» ትላለች። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ በኩል ትጣራለች፤ «እቴ፣ ጨው ቅመሺልኝ!» እትዬ መጥተው በእጃቸው መዳፍ ጠብ አድርገው ይቀምሱና «አንሷል» ወይም «በቃው» ይላሉ።

የፋሲካ ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። እትዬ ሁለት ወር ገደማ ጾመው ለሌሊቱ የዶሮ ወጥ ሲያዘጋጁ ቅቤ የገባበትን ቁሌት መቅመስ አይችሉም። እሳቸውም ሥጋ የማይገባበት አንድ ድስት ለይተው ነበር። ቁሌቱን በዚያ ያበስሉና ወደ ዶሮው ድስት ከመገልበጣቸው በፊት በአጥሩ በኩል ይጣራሉ፤ «እቴ፣ ጨው ቅመሺልኝ!» እናታችን ሄዳ ትቀምሳለች። እንዲህ እያሉ ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላዋን ጾም ጠበቁ። እናታችን የእትዬን የዶሮ ወጥ አንድ ቀን እንኳ ቀምሳ አታውቅም፤ ግን በየዓመቱ ጨው ያስተካከለችው እርሷ ናት።

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ለሰሓባቸው ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.)፣ ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ጎረቤቶቹን እንዲያስብ እንደመከሩት በሙስሊም የሐዲሥ ስብስብ ተዘግቧል። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ደግሞ በቤቱ በግ በታረደ ጊዜ ለአይሁዳዊው ጎረቤታቸው መሰጠቱን ጠይቋል፤ ምክንያቱንም ሲናገር ጂብሪል ስለ ጎረቤት አደራ ማብዛቱን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማቱን አስታውሷል። እናታችን እነዚህን ሐዲሦች ከዑለማ አፍ ሰምታቸዋለች። አንብባ አታውቃቸውም፤ ግን አብስላቸዋለች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ፈተና የሌለበት አልነበረም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012፣ ዕለተ ዓርብ፣ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ወሬው አገር ምድሩን አዳረሰ። በቀጣዮቹ ቀናት በየከተማው ሙስሊሞች ቁጣቸውን በሰልፍ ገለጹ፤ ድርጊቱን ያወገዙ ክርስቲያኖችም ብዙ ነበሩ። ለእናታችን ግን ሞጣ ወሬ አልነበረም፤ እትብቷ የተቀበረበት ቦታ ነው። ያን ምሽት ዘመዶቿን በስልክ ስትፈልግ አመሸች። ምስር ዘፍዝፋ ነበር፤ ሳታበስለው አደረ። በማግስቱ ሁለተኛውን ድስት ከመደርደሪያው አውርዳ ቆጥ ላይ ሰቀለችው። ምክንያቱን አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

ሦስት ቀን አለፈ። በአጥሩ በኩል ድምፅ አልተሰማም። በአራተኛው ቀን እትዬ በዋናው በር መጡ። በዚያ በር የገቡበት ጊዜ ትዝ አይለንም፤ ሁልጊዜ መግቢያቸው የአጥሩ ቀዳዳ ነበር። ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ በነጠላ ጫፍ የያዙት ትኩስ ድስት የጾም ሽሮ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመው ቀና አላሉም። «እቴ፣ ምን እላለሁ? የምለው የለኝም። ጨው ቅመሺልኝ» አሉ።

ሽሮውን ራሳቸው መቅመስ የማይችሉበት ምክንያት አልነበረም። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። እናታችን ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች። ቀመሰች። «አንሷል» አለችና ጨው ልታመጣ ወደ ማጀት ገባች። እዚያም ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ የሽንኩርት አልነበረም።

ማታ ላይ የእትዬ ድስት ታጥቦ በእኛ ቤት ቀረ። ድስት ደግሞ ባዶውን አይመለስም። በማግስቱ ጠዋት እናታችን ከቆጡ ላይ ሁለተኛውን ድስት አወረደች።

ውድ አንባብያን፣ አንድ ነገር በግልጽ እንድንናገር ይፈቀድልን። የተቃጠለ መስጊድ በሽሮ አይሠራም። የተዘረፈ ንብረት በአንድ ድስት ወጥ አይካስም፤ አጥፊ በሕግ ይጠየቅ ማለትም የተበደለ ሰው መብት ነው። እናታችንም ይህን አልተወችም፤ በዚያው ሳምንት ስለ ፍትሕ የተናገረችውን ሰምተናል። ያስተማረችን ግን ፍትሕንና ጉርብትናን አንዱን በሌላው እንዳንለውጥ ነው። ሞጣ ላይ እሳት የለኮሰ ሰው የእትዬን አጥር አብሮ እንዲያቃጥል አልፈቀደችለትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በ2015 የክርስቲያኖች ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ቀን ነበር፤ የእኛ ዒደል ፊጥር ደግሞ ሚያዝያ 13። ስለዚህ የፋሲካ ዋዜማ ረመዷን ውስጥ ወደቀ። እትዬ ቁሌቱን ያቁላላሉ፤ ግን መቅመስ አይችሉም። እናታችንም ጾመኛ ናት። እትዬ ምን አደረጉ? እሳቱን ቀነሱ፤ ድስቱን ከድነው አዛን ጠበቁ። መግሪብ ተጣርቶ እናታችን በቴምርና በውኃ እንዳፈጠረች በአጥሩ በኩል ሄዳ ቀመሰች። «በቃው» አለች። በዚያች ምሽት አንድ የፋሲካ ዶሮ የመግሪብን አዛን ጠብቆ ወጥ ሆነ። በተመለሰች ጊዜ እትዬ የሚበሉትን የጾም ሳምቡሳ ይዛ ልትሄድላቸው ፈልጋ፣ «የዛሬው ሌሊት ዶሮ ነው፤ ማን ሳምቡሳ ያያል!» ብላ ራሷ ሳቀች።

ሳምቡሳውን ካነሣን አሠራሩን እንንገራችሁ፤ ለረመዷንም ለጾም ጎረቤትም የሚሆን ነውና። ድፍን ምስሩን ለቅሞ አጥቦ፣ ሳይፈርስ ገና ጠንከር እንዳለ ከእሳት አውርዶ ማጥለል ነው። በደቃቁ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨውና ትንሽ ጥቁር አዝሙድ ጨምሮ በጥቂት ዘይት ማገላበጥ፤ ከዚያም ፈጽሞ ማቀዝቀዝ ነው። መሙያው ትኩስ ከሆነ ሊጡን አርጥቦ ይቀድደዋል። ሊጡ የስንዴ ዱቄት፣ ጨውና ውኃ ብቻ ነው፤ ቅቤም እንቁላልም አይገባበትም። በስሱ ዳምጦ፣ ሦስት ማዕዘን አድርጎ አጥፎ፣ ጠርዙን በውኃ አጣብቆ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2016 ረመዷንና ሁዳዴ በአንድ ቀን በገቡ ጊዜ፣ ይህ ሳምቡሳ በአንድ ምጣድ ተጠብሶ ሁለት ጾመኛ ቤት አጠገበ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልላችን በጦርነት ታምሷል። መንገድ ይዘጋል፣ ዋጋ ይንራል፣ ልጅ ከወላጅ ይራራቃል። እናታችንም እትዬም አርጅተዋል። እናታችን አሁን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዛለች እንጂ ምጣድ አታነሣም። አፍንጫዋ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ከበር ሆና «ሽንኩርቱ ሊያርር ነው» ትላለች፤ ሮጠን ስናይም ሊያርር ነው።

ታዲያ ወጣቶች ሆይ፣ የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ከእናታችሁ ማጀት ግቡ። ይህን የምንለው ለእህቶች ብቻ አይደለም፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። ወንድሞችም ማማሰያ ብትይዙ አታፍሩ። ቀጥሎም የጎረቤታችሁን ስም ብቻ ሳይሆን የሚበላውንና የማይበላውን እወቁ። ከቻላችሁ በቤታችሁ አንድ ድስት ለእርሱ ለዩ። እርሱ የማይበላው ነገር ያልነካው ይሁን፤ ማንም ባያይም ይጠበቅ። ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ ጎረቤት በዋናው በር ዓይኑን ሰብሮ ሲቆም የሚይዘው ነገር የሚኖረው፣ ደጉ ቀን ሳለ ድስት ተለዋውጣችሁ ከቆያችሁ ነው።

አላህ ማዕዳችንን በረካ ያድርግልን፤ ጎረቤቶቻችንን ከእኛ ክፉ፣ እኛንም ከጎረቤቶቻችን ክፉ ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።